ገነት ለሁለት ሰው

የሐሩር ደሴት ማስታወቂያ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ቆመው ይታያሉ። ነጭ ለብሰዋል፣ ወገብ ለወገብ ተያይዘዋል፣ ባሕሩን እያዩ ነው። ፊታቸውን ግን ያየ የለም፤ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ፎቶ አንሺው ዞሮ ከፊት ቢያነሳቸው ኖሮ እሷ «የክፍሉን ቁልፍ የያዝከው አንተ ነህ» ስትል፣ እሱ ደግሞ «ኧረ መጀመሪያ ቦርሳሽን ፈትሺ» ሲል እጅ ከፍንጅ ይያዙ ነበር።

ባልና ሚስት እንዲህ ያለ ደሴት የሚሄዱት ዓመቱን ሙሉ ሲመኙት የኖሩትን ነገር ሊያደርጉ ነው፤ ምንም ላያደርጉ። ይሁንና ሁለቱ በዚህ ጉዳይ ተማክረው አያውቁም። ሚስት ስታስበው የኖረችው መተኛትን ነው። ባል ያሰበው ደግሞ ጠዋት ጀልባ፣ ረፋድ ላይ ዋና፣ ከሰዓት ብስክሌት፣ ማታ ኮከብ ማየት ነው። በዚህ ሁሉ መሃል የሚያዘው አለቃ ስለሌለ እረፍት ይለዋል። ሚስቱን የሚያዛት ሰው እንዳለ ግን ልብ አላለም።

ደግሞ ምንም ላለማድረግ የሚሸከፈው ዕቃ! ባርኔጣ፣ መለዋወጫ ባርኔጣ፣ ለእግር፣ ለአሸዋ፣ ለድንጋይ የሚሆን ጫማ፣ ማንም የማያመው ቤተሰብ ለዓመት የሚበቃው መድኃኒት። ከሁሉም በታች «ጊዜ አጥቼ እንጂ» ሲባልለት የኖረ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ይህ መጽሐፍ ባለፈው እረፍትም ተጉዟል፣ ካቻምናም ተጉዟል። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ የተጣለበት ምልክት እስካሁን አልተነቃነቀም እንጂ፣ ከብዙ ሰው የበለጠ አገር ያየ መጽሐፍ ነው።

ማልዲቭስን እንውሰድ። ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች ያሏት አገር ናት፤ ተፈጥሯዊ መሬቷ ከፍተኛ በሚባለው ቦታ ላይ እንኳ ከባሕር ወለል 2.4 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አስተናጋጁ ጠረጴዛ ላይ ቢወጣ የአገሪቱን ተራራ ቁልቁል ያያል ማለት ነው። የመጀመሪያው የመዝናኛ ሆቴል እዚያ የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ በ1972 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተለመደው አሠራር አንድ ደሴት ለአንድ ሆቴል ነው። ማስታወቂያው ይህን «ፍጹም ጸጥታ» ይለዋል። ትዳር ውስጥ የኖረ ሰው ግን የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ማኩረፊያ የለም። ኩርፊያ ቦታ ይፈልጋል፣ ቢያንስ አንድ መንገድና አንድ መታጠፊያ ይፈልጋል። እንደዚያ ባለች ደሴት ላይ በሩን በኃይል ዘግቶ በግራ በኩል የወጣ ባል፣ ቁጣው ገና ሳይበርድ በቀኝ በኩል እዚያው በር ላይ ይደርሳል። ሚስት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

«ዞርክ?»

«ዞርኩ።»

«እንግዲያው ግባ፤ ፀሐይ ነው።»

ሰዓቱም የራሱ ጉድ አለው። እዚያ ካሉት ሆቴሎች ብዙዎቹ የግድግዳ ሰዓታቸውን ከዋና ከተማዋ ከማሌ በአንድ ሰዓት አስቀድመው ነው የሚሞሉት፤ እንግዳው ከፀሐዩ ብርሃን በደንብ እንዲጠቀም ነው አሉ። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ድረስ ተኛሁ ብሎ የሚንጠራራው ሰው ጀልባ ተሻግሮ ቢጠይቅ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ነቅቷል። በሥራ ቀን ይህን የሚያደርግበት አለቃ ቢመጣ ክስ ይመሠርት ነበር።

ከሁለት ሰዓት በፊት የሚነሱም አሉ፤ የወንበር ሰዎች ናቸው። ቤታቸው የማንቂያ ደውል ሦስቴ አጥፍተው አራተኛው ላይ እየተራገሙ የሚነሱ ሰዎች፣ እዚህ ጎህ ሳይቀድ በባዶ እግራቸው እየሮጡ ጥላ ሥር ያለ ወንበር ላይ ፎጣ ይዘረጋሉ። ከዚያ ተመልሰው ይተኛሉ። ፎጣ በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈ፣ ግን ማንም የማይደፍረው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ነፋስ እንዳይወስደው ከላይ ክብደት ያስፈልጋል፤ ያ ወፍራም መጽሐፍ በመጨረሻ ሥራ የሚያገኘው ይሄኔ ነው።

ባል ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጽሐፉን ወደ ጎን ብሎ ስልኩን ያወጣል። ስልክ ደግሞ ሰውን ያስተምራል። ሚስት ነጩ አሸዋ ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እፍኝ አሸዋ በጣቶቿ መሃል እያንጠረጠረች «እንዴት ይለሰልሳል!» ስትል፣ ባል ከስልኩ ቀና ብሎ የተማረውን ይነግራታል። አፉ የበቀቀን ምንቃር የሚመስል ፓሮትፊሽ የሚሉት ዓሣ አለ። ባሕር ውስጥ የሚያድገውን ድንጋይ መሰል ኮራል ይግጣል፣ በጥርሱ ይፈጫል፣ ከዚያ… በኋላው በኩል ያስወጣዋል። የብዙ ደሴቶች ነጭ አሸዋ አብዛኛው እንደዚያ የመጣ ነው። አንድ ትልቅ ዓሣ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ያመርታል።

«እና አሁን እኔ የተኛሁት…»

«አዎ።»

ሚስት ተነሳች፣ አሸዋውን አራገፈች። «አንተ ሰው ደስ ብሎት ማየት አይሆንልህም አይደል?»

እውነቱ ትክክል ነበር። ሰዓቱ ግን አልነበረም።

ወደ ዋናው የትዳር ፈተና እንምጣ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ቁጥር 30 የሆነው ሰውነትን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይከላከላል፣ ቁጥር 50 ደግሞ 98 በመቶ። በዚህች በአንዷ በመቶ ላይ የሚደረገውን ክርክር የሰማ ሰው የድንበር ጉዳይ ይመስለዋል። ለማንኛውም ሁለቱም ቅባቶች ጀርባ ላይ ራሳቸውን አይቀቡም። ጀርባ የተፈጠረው ሰው ብቻውን እንዳይኖር ነው እላለሁ፤ ክንድ እዚያ መሃል ድረስ እንዳይደርስ የተደረገው ሆነ ተብሎ ነው። ስለዚህ ሚስት ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ባልም በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው እጁ ቅባት ይዞ ይጀምራል።

«በደንብ ቀባህ?»

«በደንብ።»

«ትከሻዬን?»

«ትከሻሽን ነዋ።»

ፀሐይ ዕዳዋን በዕለቱ የምትጠይቅ አበዳሪ አይደለችም። ቆዳው መቅላት የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚፈርደው በማግስቱ ነው። በማግስቱ ሚስት መስታወት ፊት ዞር ስትል፣ በቀላው ጀርባዋ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረው የባሏ መዳፍ ነው፤ አምስት ጣት፣ አውራ ጣቱ ሳይቀር። የቀባው ያን ብቻ ነበር። ቁርስ ላይ የመጣው እንግዳ ሁሉ የዚህን ሰው የፍቅር ስፋት ከነልኩ አየው። እሱ ራሱም ሰውነቱ ደህና አልነበረም፤ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት የሚለውን ጽሑፍ «ቅባት ለመሸጥ ነው» ብሎ አልፎታል፤ አሁን ጉልበቱን ማጠፍ አቅቶታል። አልጋው ላይ በፎጣ የተሠሩ ሁለት የሚሳሳሙ ወፎችና የተበተነ አበባ አለ። በዚያ አልጋ ላይ፣ በዚያ ለፍቅር ተብሎ በተከራዩት ክፍል ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተሰማው ድምፅ አንድ ብቻ ነው፦

«እንዳትነካኝ!»

«አንቺም!»

ከቃጠሎው ሲያገግሙ ዓሣ ለማየት ጭንብል አጥልቀው ወረዱ። አስጎብኚው ብርቱካንማና ነጭ ሸንተረር ያላቸውን ትንንሽ ክላውንፊሾች አሳይቷቸው ከውሃው ሲወጡ አስረዳ። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፤ ከቡድኑ ትልቋ ሴት ትሆናለች፣ እሷ ናት የምትገዛው። እሷ ስትሞት ደግሞ ባልየው ራሱ ተለውጦ ሴት ይሆናል። ባል ለአስጎብኚው ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ሚስት ግን እስከ ምሳ ድረስ ፈገግ እንዳለች ነበር።

የፀሐይ መጥለቅን ፎቶ በአጭሩ ልለፈው፤ ፀሐይዋ ራሷም በአጭሩ ነው የምታልፈው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ታችኛው ጠርዟ ውሃውን ከነካ በኋላ ጨርሳ እስክትሰወር ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። «ትንሽ ወደ ግራ… አገጭሽን… አይ፣ የድሮው ይሻል ነበር… ቆይ ጣቴ ገብቶበታል…» ለማለት ሁለት ደቂቃ አይበቃም። ጨለመ። ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር ሰማይና የተቆጣች ሴት ነው።

አሁን እውነተኛው ችግር መጣ። ሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሻማ በበራበት ጠረጴዛ ላይ፣ ወሬ አለቀ። ስለ ልጆቹ ተወርቷል፣ ስለ ሥራ ተወርቷል፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ሁለቴ ተወርቷል። ኢንተርኔቱ እዚህ ጠረጴዛ ድረስ አይደርስም። ማዕበሉ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«ምንም።»

«ሰው እንዴት ምንም አያስብም?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ትዳር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው የሚባለው ለሠርግ ንግግር ያህል ነው። በተግባር ትዳርን የሚያቆመው ሦስተኛ ሰው ነው፤ የሚታማው። ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶች፣ ያ ብድሩን ያልመለሰ ዘመድ፤ ባልና ሚስት በአንድ ወገን ተሰልፈው አንድ ልብ የሚሆኑት በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። ደሴት ማለት ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሌሉበት ቦታ ነው። ለዚያ ተብሎ ነው የተሄደው!

ይህ ጄኔራል ጎርደንን ያስታውሰኛል። እንደ ፈረንጆቹ በ1879 ከአፄ ዮሐንስ ጋር ሊደራደር መጥቶ ሳይሳካለት የተመለሰው፣ በኋላ ካርቱም ላይ የሞተው እንግሊዛዊ ነው። በ1881 ሲሸልስ ደርሶ፣ ፕራስሊን ደሴት ላይ ያለውን የቫሌ ደ ሜ ጫካ አየና ኤደን ገነት ይህ ነው ብሎ ደመደመ። ጫካው ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በኤደንነት ግን አይደለም። ጎርደንን ያሳመነው ኮኮ ደ ሜር የሚባለው የዘንባባ ዓይነት ነበር፤ የዚህ ዛፍ ፍሬ እሱ ነው የተከለከለው አለ። ዘሩ በዓለም ከሚታወቁት ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ሔዋን ያን ተሸክማ «እንካ ቅመስ» ብላ ከሆነ ጉልበቷን አደንቃለሁ። አዳምም አልሰማሁም፣ አላየሁም የሚልበት መንገድ አልነበረውም።

ቦታውን እንጃ እንጂ፣ ስለ ባልና ሚስት ጉዳይ ግን ጎርደን የሳተ አይመስለኝም። ኤደን የመጀመሪያው ሁሉም ነገር የተካተተበት እረፍት ነበር። ምግቡ በነጻ፣ መዋኛው በነጻ፣ ሥራ የለ፣ ዘመድ የለ፤ ክፍሉ ውስጥ እንዳለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ «ይህቺ ብቻ አልተካተተችም» የተባለች አንዲት ነገር ብቻ። አዳም ስለ እንስሶቹ ስም አውርቶ ከጨረሰ በኋላ ምን ቀረው? ሔዋን ከእባብ ጋር ወሬ የጀመረችው ክፉ ሆና ሳይሆን የሚያናግራት አጥታ ነው ብዬ አምናለሁ። ሊቃውንት ይቅር ይበሉኝ።

የኛዎቹ ባልና ሚስት እባብ አላስፈለጋቸውም። አራተኛው ቀን ላይ አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ጥንዶች ተቀመጡ።

«አየሃቸው? አንድም ቃል አላወሩም።»

«ተጣልተው ነው።»

«ሰውየው ሰላጣዋን ሳይጠይቃት አነሳባት እኮ።»

«ሦስተኛ ሳህኑ ነው ያ። ቆጥሬያለሁ።»

«ጠዋት ደግሞ የኛን ወንበር የያዙት እነሱ ናቸው።»

«አትይኝም!»

ሻማው እስኪያልቅ ድረስ አልተነሱም። ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ጠረጴዛው ሥር፣ ሳቃቸውን ለማፈን። በማግስቱ ባል የብስክሌቱን ጉዞ ሰረዘ፤ ጥንዶቹ መዋኛው ጋ ስለሚሆኑ ማለት ነው። ሚስትም እንቅልፏን ትታ መነጽሯን አደረገች። እረፍት ተጀመረ።

የመመለሻው ቀን ጀልባ ላይ አራቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰዎቹ ደግሞ እንዴት ያሉ ተጫዋቾች ናቸው! ሰውየው የዘንድሮውን ሙቀት አነሳ፣ ሴትየዋ የሚስትን ጀርባ ጠየቀች፤ «አሁን ተሻለሽ? እኛ እኮ ስናየው በጣም ነው ያሳዘንሽን» አለች፣ ባሏም ወደ ባሕሩ ዞሮ አሳለው። ሲወርዱ ስልክ ተለዋወጡ፣ በሚመጣው ዓመት አብረን እንምጣ ተባባሉ፣ ተሳሳሙ።

ሻንጣ እየጠበቁ ሚስት አንድ ነገር ከነከናት።

«ቆይ እንጂ፣ ከእነሱ ጋር አብረን ከመጣን ስለ ማን ልናወራ ነው?»

ባል ትንሽ አሰበ።

«ክፍላችን እኮ ለየብቻ ነው።»