አፍ የሚፈታው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው

አንድ የሦስት ዓመት ልጅ «አባቴ መጣ» ለማለት ፈልጎ «አባቴ መታ» ቢል፣ እናቱ የጎደለው የትኛው ድምፅ እንደሆነ ወዲያው ትረዳለች። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የንግግር መመዘኛ ግን ይህን ስህተት ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ «ጠ» በእንግሊዝኛ ስለሌለ መመዘኛውን ያዘጋጁት ሰዎች ልጁ ስሙን ሲጠራ ድምፁን የሚፈትሽ ሥዕል አላስገቡበትምና። «ቀ»፣ «ጸ» እና «ጰ»ም ዕጣቸው ይኸው ነው። በአገራችን በተለምዶ ስፒች ቴራፒ የምንለው የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ገና ሥር በመስደድ ላይ ያለ ሙያ ነው። ስለዚህ ከወዲሁ አጥብቄ መናገር የምፈልገው፣ ባለሙያ ማሠልጠን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ባለሙያው የሚመዝንበትና የሚያክምበት መሣሪያም ከቋንቋው ከራሱ መሠራት እንዳለበት ነው።

ጉዳዩ ከድምፅ ያልፋል። የልጅን የቋንቋ ዕድገት ለመለካት ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ልጁ በአንድ ጊዜ ስንት ቃል አያይዞ እንደሚናገር መቁጠር ነው። በዚህ ቆጠራ «አልሰጠኋትም» ያለች ሕፃን የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው። በዚያች ቃል ውስጥ ግን ያልሰጠችው ራሷ መሆኗን፣ የተከለከለችው ሴት መሆኗንና ነገሩ ያለፈ መሆኑን አሟልታ ነግራናለች። የበረዶ ሰው ሥዕል ቀርቦለት ስሙን መናገር ያልቻለ የደብረ ታቦር ልጅም የምላስ ችግር የለበትም፤ ጀበና ወይም ሙቀጫ ቢያሳዩት ኖሮ ይመልስ ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንኑ ችግር ከሌላ አቅጣጫ ያገኙታል። ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛውን «ዲስ» «ዚስ» ሲል ስህተት ተብሎ ሊመዘገብበት ይችላል፤ ይህ ግን ከመጀመሪያ ቋንቋው ይዞት የመጣው ቅላጼ እንጂ ሕመም አይደለም። እውነተኛ የቋንቋ እክል ያለበት ልጅ እክሉ በሁለቱም ቋንቋዎች ይታይበታል፤ ለዚህም ነው የአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ፣ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ልጁ በሚናገረው ቋንቋ እንዲመዘን የሚያዘው። ወላጆች ይህን መብት አውቀው ሊጠይቁ ይገባል። «ልጁ እንዳይምታታበት አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር የሚሰጣቸው ካለም አይቀበሉት፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ እክል አያመጣም፣ አማርኛን መተው ግን ልጁን ከአያቱ ይለየዋል።

ወደ ንባብ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ሁሉ ልጆች ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ቢማሩም ማንበብ የሚያዳግት እክል፣ አለባቸው ማለት ፈጽሞ አይቻልም፤ አብዛኞቹ በሚገባ ያልተማሩ ናቸው። በመካከላቸው ግን በሚገባ ቢማሩም ማንበብ የሚያቅታቸው አሉ፤ እነርሱን ለይቶ ለማውጣት ደግሞ የፊደላችንን ባሕርይ የሚያውቅ መመዘኛ ያስፈልጋል። የላቲን ፊደል የሚያነብ ልጅ ግራና ቀኝ የተገለበጡ ሆሄያትን ሲያምታታ እንደ ምልክት ሊታይ ይችላል። የእኛ ልጅ የሚፈተነው በ231 ቅርጾች ነው፤ «ሩ» እና «ፉ» ከሌሎቹ ካዕቦች መልክ ይለያሉ፣ «ነ» እና «ኘ» በአንዲት ሰረዝ ይራራቃሉ፣ «ይበላል» የሚለው ቃል ደግሞ «በ» ስትላላ ስለ በላተኛው፣ ስትጠብቅ ስለ ምግቡ ቢናገርም ጽሕፈቱ አንድ ነው። የኔታ ፊደሉን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም የሚያስቆጥሩት፣ ሆሄውንም በስንደዶ እየነኩ የሚጠይቁት ሀሁን በዜማ የሸመደደውን ልጅ ፊደሉን በትክክል ካወቀው ለመለየት ነው። ይህ ጥበብ ለዘመናዊው መመዘኛ መነሻ ሊሆን የሚችል ይመስለኛል።

ከቋንቋው ተነሥቶ መሥራት እንደሚቻል ያሳዩን ሰው አሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ መናገር ላልቻሉ ልጆችም በፊደላችን ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ስልት ቀመሩ። ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የያዘው ፊደላችን ለአፍ መፍቻ ይረዳል ብለው ማሰባቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም ስልታቸውን በጥናት መፈተሽና ማዳበር የዩኒቨርሲቲዎቻችን ዕዳ ነው።

አዋቂዎችም አይረሱ። ስትሮክ የንግግሩን ክፍል፣ በአብዛኛው ሰው የአንጎሉን ግራ ጎን፣ የመታው አባት ውኃ ለመጠየቅ ቃል አጥቶ «አባታችን ሆይ» ወይም ፋቲሓን ግን ሳያቋርጥ ሊደግም ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሲፈልግ ይናገራል» ብሎ ያዝናል። እርሱ ግን እያሾፈ አይደለም፤ በልምድ የታተመው ንግግር አዲስ ዓረፍተ ነገር ከመመሥረት በተለየ መንገድ ስለሚወጣ ሊተርፍ ይችላል፤ ሐኪሙም በዜማና በጸሎት በኩል ገብቶ ሊረዳው ይችላል። ሚስቱን «አንተ» ቢላትም አእምሮው እንደሳተ አይቆጠር፤ አንዲት ፊደል ጾታን በምትለውጥበት ቋንቋ ይህ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሥራው ከየት ይጀመር? የቋንቋ ጥናትና የሕክምና ትምህርት ክፍሎች ተባብረው በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በደሴ የሚያድጉ ልጆችን ንግግር በየዕድሜያቸው ይቅረጹ፤ ለአፋን ኦሮሞ፣ ለትግርኛና ለሶማሊኛም እንዲሁ ይደረግ። በሦስት ዓመቱ «መጣ»ን «መታ» የሚል ልጅ ገና ጊዜ አለው ወይስ ዛሬውኑ ሕክምና ያስፈልገዋል ብላ ለምትጠይቅ እናት፣ ባለሙያው በእርግጠኝነት መልስ መስጠት የሚችለው እንዲህ ያለ መዝገብ በእጁ ሲኖር ነው።