ቀድሞ የተሰፋው ቀሚስ

አሜሪካ ወደ ቬትናም ጦርነት በሰፊው የገባችበት የ1964ቱ የቶንኪን ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ውሸቱ ነው፤ ያልተፈጸመ ጥቃት ተፈጸመ ስለ መባሉ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው።

በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 1964 የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ማዶክስ የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ አጠቁ። ይሄ እውነት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ማዶክስና ሌላዋ የአሜሪካ መርከብ ተርነር ጆይ «ዳግም ተጠቃን» ብለው በድቅድቅ ጨለማ ወደ ባሕሩ ሲተኩሱ አመሹ። ተኩሱ ሲበርድ አዛዡ ካፒቴን ሄሪክ ነገሩ አላማራቸውምና መልእክት ላኩ። አየሩ ራዳሩን አሳስቶት ይሆናል፤ የሶናር (ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚለይ መሣሪያ) ልጆቹም ከልክ በላይ ጓጉተው ይሆናል፤ ከማዶክስ ላይ ሆኖ ጠላት በዓይኑ ያየ የለም፤ ሌላ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት በደንብ ይጣራ። ኋላ ላይ እሳቸውም ወላውለዋል። ጥርጣሬው ግን ዋሽንግተን ደርሷል። ያም ሆኖ በዚያው ምሽት ፕሬዚዳንት ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው አጸፋው መጀመሩን ተናገሩ።

ኦገስት 7 ኮንግረስ ለፕሬዚዳንቱ ጦር የማዝመት ሥልጣን ለሚሰጥ ውሳኔ እጁን አወጣ። የተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔት 88 ለ2። «አይሆንም» ያሉት የኦሪገኑ ዌይን ሞርስና የአላስካው ኧርነስት ግሩኒንግ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም በ1968 ወንበራቸውን አጡ።

የሚገርመው፣ እንዲህ ያለ ውሳኔ ረቂቁ ከጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ በባለሥልጣናቱ እጅ ነበር። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሰርጉ ነበር የሚጠበቀው።

እሺ፣ ሁለተኛው ጥቃት እውነት ነበር እንበል። ሁለት መርከብ ላይ ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ተተኮሰ። ለዚህ መልሱ ምን ያህል መሆን አለበት? ኮንግረስ የሰጠው ጥቃትን ለመመከትና ተጨማሪ ወረራን ለመከላከል «አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ» የመውሰድ ሥልጣን ነው። የወታደር ቁጥር አልተወሰነለትም፣ ቀን አልተቆረጠለትም። ጆንሰን ራሳቸው ውሳኔውን እንደ ሴት አያት የሌሊት ልብስ ሁሉን ይሸፍናል ብለው ቀልደዋል ይባላል። ቀልዱ ከብዙ የሕግ ትንታኔ ይሻላል። በ1964 መጨረሻ ቬትናም የነበረው የአሜሪካ ወታደር 23,000 ገደማ ነበር። በ1968 ከ500,000 አለፈ። በመሀል አዲስ የጦርነት አዋጅ የጠየቀ የለም። ኮንግረስ ውሳኔውን በ1971 ሲሽረው እንኳ ጦርነቱ ቀጠለ።

ስለዚህ «ዋሹን» ማለት ብቻውን ለኮንግረስ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ልኩን ሳይለካ የፈረመው ራሱ ነው። በ1973 ፕሬዚዳንቱ ያለ ኮንግረስ ፈቃድ የሚያካሂዱትን ውጊያ በ60 ቀን የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው።

በሴፕቴምበር 2001 ደግሞ ያው ጥድፊያ ተመለሰ። ከመንትዮቹ ሕንፃዎች ጥቃት ሦስት ቀን በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ ኃይል የመጠቀም ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ 420 ለ1 አሳለፈ። የተቃወሙት ተወካይ ባርባራ ሊ ብቻ ነበሩ። ሕጉ ያነጣጠረው የዚያን ቀን ጥቃት ያደረሱትና የረዷቸው ላይ ነው። ከዓመታት በኋላ ግን እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ አልሸባብን ለመደብደብ የሕግ መሠረት ሆኖ ቀረበ። ሕጉ ሲጸድቅ አልሸባብ ገና አልተመሠረተም ነበር።