እንኳን ለዘውድ አበቃዎት!

የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው የንጉሥ ዘር ነኝ ብለው ማስታወቂያ ያወጡ ሰው አሉ። እስከ ትናንት ተራ ሰው ነበሩ። ዛሬ የምዕራብ አውሮፓን ሰፊ ክፍል የገዛው የጥንቱ የፍራንኮች ንጉሥ የሻርለማኝ የልጅ ልጅ ሆነው አደሩ። እልል ነው! ዘውዱ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

የመምረጥ ችሎታቸው ብቻውን ያስመሰግናል። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ በየትውልዱ እጥፍ የሚሄደው ቁጥር 10ኛው ትውልድ ላይ 1,024፣ 20ኛው ላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ፣ 30ኛው ላይ ደግሞ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። በዚያ ዘመን የዓለም ሕዝብ በሙሉ 500 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ዘመድ ከዘመድ እየተጋባ አንዱ ሰው ስንቴ አያት ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ አራሽ፣ እረኛ፣ ባለዕዳና ሌባ መሀል አንዷን ዘውድ ለቅሞ ማውጣት! ሌባውን አያታቸውን አግኝቶ የደገሰ ሰው እስካሁን አልሰማንም።

ሻርለማኝ እ.ኤ.አ. በ814 ሲሞት ቢያንስ 18 ልጆች ወልዷል። ስሌቱን የሠሩ ሰዎች እንደሚሉት ዛሬ የአውሮፓ ዝርያ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል ከእርሱ ይወለዳል። ባሕር ውስጥ ቆሞ ውኃ ማግኘትም ግኝት ነው፤ ማን ይከለክላል?

አሠራራቸውም የረቀቀ ነው። ሞያተኛ ነን ባዮቹ ከራሳቸው ተነሥተው፣ በየደረጃው የልደት፣ የጋብቻ ወይም የኑዛዜ ሰነድ እየፈለጉ ወደ ኋላ ይጓዛሉ። አድካሚ ነገር! እርሳቸው ከዙፋኑ ይነሡና ቁልቁል ይወርዳሉ። መጨረሻው ያልታወቀ አንድ ልዑል ይፈልጋሉ፣ ስሙ ከአንዱ ምንዥላታቸው ጋር ከተመሳሰለ ይሰፉታል። ማስረጃ ቢጠየቁ አርባ የዘር ሐረግ ይዘረግፋሉ፤ አርባውም አንዱ ከአንዱ የተገለበጠ ነው። በመሀል እናት በ6 ዓመቷ ወልዳ፣ ልጅ አባቱ ከሞተ ከ3 ዓመት በኋላ ተወልዶ ቢገኝ አይደነግጡም። ንጉሥ ያለበት ቤት ተአምር አያጣም።

ለተጠራጣሪ ደግሞ የዘረመል ምርመራ አለ። ከአንድ አያት የሚወርደው ዘረመል በየትውልዱ በአማካይ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከ10 ትውልድ በላይ ካሉት አያቶች ብዙዎቹ ምንም አሻራ አይተዉም። ንጉሡ ከደማቸው ለቀው ከወጡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በሰፊ የእስያ ክልል ከሚኖሩ ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ አንድ የአባት መስመር እንደሚጋሩ አሳይቶ፣ ምንጩ የሞንጎሉ ንጉሥ ጄንጊስ ካን ሳይሆን አይቀርም አለ። የካኑ መቃብር ስላልተገኘ ማመሳከሪያ ናሙና የለም። እርሳቸው ግን «ሳይሆን አይቀርም» የምትለዋን ፍቀው «ነው» ብለው አጽንተዋታል።

የእንግሊዙ ንጉሥ የሪቻርድ ሣልሳዊ አፅም እ.ኤ.አ. በ2012 ሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ተቆፍሮ ሲወጣ፣ በእናት በኩል ከእህቱ ዝርያዎች ጋር ገጠመ። በአባት በኩል ግን በወረቀት የተጻፈው መስመር አልገጠመም፤ የሆነ ቦታ መዝገቡ አባት ያለውና የወለደው ሰው ተለያይተዋል። ባለማኅተም መሳፍንት እንዲህ ሲሆኑ፣ የእርሳቸው ሐረግ 40 ትውልድ ሳይበጠስ መድረሱ የቤተሰቡን ጨዋነት ያሳያል።

ውርሱን በተመለከተ ጀግንነቱና አስተዋይነቱ በቀጥታ እንደ ደረሳቸው ነግረውናል። የሻርለማኝን ታሪክ የጻፈው አይንሃርድ ሌላም ነገር አስፍሯል፦ ንጉሡ ከትራሱ ሥር ሰሌዳ እያኖረ ጽሕፈት ሊለማመድ ቢሞክር፣ ዘግይቶ ስለጀመረ ብዙም አልሆነለትም። ይህችን እርሳቸው አላነሷትም። በማስታወቂያቸው ላይ የንጉሡ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈው ግን ምናልባት ከዚሁ የወረደ ይሆናል።