ሮቦቷ አይ.ሲ.ዩ. ትግባ ወይስ በር ላይ ትቅር?

በጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይ.ሲ.ዩ.) ሮቦት ነርሷን ያግዛል ወይስ ያስቀንሳታል? የሚከራከሩት ሁለት ነርሶች ናቸው። እሱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ የማታ ፈረቃ የሚሠራ ወጣት ነው። እሷ አዲስ አበባ አይ.ሲ.ዩ. ውስጥ 20 ዓመት የቆየች ሲስተር ናት።

ደጋፊው፦ ሲስተር፣ ከእግሬ ልጀምር። በአንድ ሌሊት ስንቴ ዕቃ ክፍል እንደምመላለስ ቆጥሬ አላውቅም። ጓንት አለቀ። አክታ የምንመጥበት የሰክሽን ቱቦ አለቀ። ደም ላብራቶሪ ይድረስ። በሽተኛዬ መተንፈሻ ማሽን ላይ ነው፤ እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ። እዚህ ሞክሲ የምትባል ሮቦት አለች። የሠራት ዲሊጀንት ሮቦቲክስ የሚባል የቴክሳስ ኩባንያ ነው። አንድ ክንድ አላት። በር ትከፍታለች፣ በሊፍት ትወጣለች፣ ናሙናና መድኃኒት ታደርሳለች። በሽተኛ አትነካም። እሷን የሚጠላ ነርስ ካለ ጫማውን ያሳየኝ።

ተቃዋሚዋ፦ የእኔን ጫማ ብታይማ ታዝንልኛለህ ወንድሜ። እኛ ጋ የሞክሲን ሥራ የሚሠራው አስታማሚ ነው። መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ ሲባል ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞረው የበሽተኛው ልጅ ነው። ስለዚህ ዕቃ ማመላለሱን አልቃወምም። የእኔ ጥያቄ፣ የተረፈልህን ሰዓት ማን ይወስደዋል? አንተ አልጋው ጋ እቆማለሁ ትላለህ። አለቃህ ደግሞ "ጊዜ ካለህ ሦስተኛ በሽተኛ ያዝ" ይልሃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የአይ.ሲ.ዩ. ነርስ ከሁለት በሽተኛ በላይ እንዳይዝ ሕግ አለ። አብዛኛው ግዛት ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም።

ደጋፊው፦ እሱ የአለቃ ጥፋት ነው፤ ሮቦቷ ምን አደረገች? ቫሬዜ የምትባለዋን የጣልያን ከተማ ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ የጣልያኗን ሎምባርዲያ ሲያምሳት፣ እዚያ ያለው ቺርኮሎ ሆስፒታል 6 ሮቦቶች አስገባ። አንዱ ቶሚ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአንድ ሐኪም ልጅ ነው። ቁመቱ የልጅ፣ ዓይኑ ትልልቅ። አልጋው አጠገብ ቆሞ የሞኒተሩን ቁጥር ውጭ ላለው ሰው ያሳያል። የበሽተኛውን መልእክት ቀድቶ ለሐኪም ይልካል። ነርሷ ቁጥር ለማየት ብቻ ጋውን መልበስና ማውለቅ ቀረላት። ያኔ ማስክ ራሱ ብርቅ ነበር እኮ።

ተቃዋሚዋ፦ ለወረርሽኝ ይሁን፣ እቀበላለሁ። ሩዋንዳም በዚያው ዓመት አስገብታለች። ግን እዚያው ቫሬዜ፣ በሽተኞቹ በተለይ አዛውንቶቹ መጀመሪያ ላይ ሮቦቱን እንዳልወደዱት፣ ማስረዳት እንደሚያስፈልግም ተነግሯል። አይ.ሲ.ዩ. ደግሞ በሽተኛ ይቃዣል። ዴሊሪየም የምንለው። ግድግዳ ላይ ሰው ያያል፣ ቱቦውን ሊነቅል ይታገላል። አንዲት እናት ነበሩ፤ እጃቸውን ልናስር ነበር። ቁጭ አልኩና ያዝኳቸው። "እማማ፣ ሆስፒታል ነዎት፣ ልጅዎ ውጭ አለች" አልኳቸው። ደግሜ፣ ደጋግሜ። ሊነጋጋ ሲል ተኙ። እኚህ ሴት በጨለማ ዓይኑ የሚበራ ማሽን ቢመጣባቸውስ? አፋቸው ውስጥ ቱቦ ባይኖር "ጸበል አምጡልኝ" ባሉ ነበር።

ደጋፊው፦ ሳቅኩ። ግን ያን ሌሊት ሌላ በሽተኛ አልነበረዎትም? የሌላው አልጋ የመድኃኒት ፓምፕ ቢጮህስ?

ተቃዋሚዋ፦ ጮኸ እንጂ! አብራኝ ያደረችው ነርስ ሄደችለት። እሷን አትውሰዱብኝ ነው የምለው።

ደጋፊው፦ ሞክሲ ጓንት ስታመጣ እኮ ያቺ ነርስ ከክፍሉ አትወጣም።

ተቃዋሚዋ፦ እንግዲያው ይጻፍ። ሮቦቷ ስትገዛ አንድም ነርስ እንደማይቀነስ አለቃህ ይፈርም። ከዚያ በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ።

ደጋፊው፦ በር ራሷ ትከፍታለች አልኩዎት እኮ ሲስተር። ፊርማውን እንፈልግ።