አርባ ዓመት በምክትልነት

እኛ ሰፈር፣ ማለትም ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊቀመንበር ጠፍቶ አያውቅም። የሚጠፋው ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ነው። ማህበር ይቋቋማል። ብዙ ሳይቆይ ምክትል ሊቀመንበሩ ያኮርፋል። ከዚያ ሁለት ማህበር ይሆናል። ሁለቱም ሊቀመንበር አላቸው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ግን የላቸውም። ምክትልነት እኛ ዘንድ ወይ ወረፋ መጠበቂያ ነው ወይ ቂም መቋጠሪያ።

ለዚህ ይሆናል የአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ሳይ ዓይኔ ከሜዳው ይልቅ ወንበሩ ላይ የሚያርፈው። ተጫዋቾቹ ቢበዛ 15 ቢሆኑ ነው። አጠገባቸውና ከኋላቸው የተደረደረው ሰው ከእነሱ አያንስም። ኮት የለበሰ አለ፣ ቱታ የለበሰ አለ፣ ላፕቶፕ ያቀፈ አለ፣ ፎጣ የተሸከመ አለ። ካሜራው የሚከተለው አንድ ሰው ነው፤ ዋናውን አሰልጣኝ። የቀሩት ማን ናቸው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት አስገረመኝ።

ክሪስ ዴይሊ የምትባል ሴት አለች። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ናት። ሥራ የጀመረችው በ1985 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፋለሁ፣ ይቅርታ)። ከዋናው አሰልጣኝ ከጂኖ ኦሪየማ ጋር አንድ ላይ ገቡ፤ ዛሬም አንድ ላይ ናቸው። እሱ ጣሊያን ተወልዶ በሰባት ዓመቱ አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። ቀልዱም ቁጣውም ለጋዜጠኛ የሚመች፣ አፉ የማያርፍ ሰው። እሷ በተጫዋችነት ዘመኗ በ1982 የራትገርስ ዩኒቨርሲቲን ቡድን አምበል ሆና ሻምፒዮን አድርጋለች። ዋና አሰልጣኝ መሆን የሚያቅታት ሰው አልነበረችም ማለት ነው።

ሁለቱ ከመምጣታቸው በፊት ቡድኑ ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት ዓመት አንድ ብቻ ነበር። አሁን 12 የአገር ዋንጫ አለው። የመጨረሻውን በ2025 ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 ረተው ወሰዱ። በ2021 ኦሪየማ ኮቪድ ይዞት ቤቱ ሲቀር፣ የአገር ዋንጫ የሚወሰንበትን የትልቁን ውድድር የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታዎች ዴይሊ መራች። ሁለቱንም አሸነፈች። እሱ ሲመለስ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እኛ ጋ ቢሆን በዚያ ሳምንት ውስጥ ስንት ስብሰባ ይጠራ ነበር!

በኅዳር 2024 ኦሪየማ 1,217ኛ ድሉን አግኝቶ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ ብዙ ያሸነፈ አሰልጣኝ ሆነ። የዚያን ምሽት ዝግጅት ግን ለእሱ ብቻ አላደረጉትም። የሁለቱ 40 ዓመት ተብሎ ተከበረ። የድሮ ተጫዋቾች ከየቦታው መጡ። ስለ ዴይሊ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሥርዓት የማትደራደር መሆኗ ነው። አለባበስ፣ ሰዓት ማክበር፣ ሰላምታ፣ ምስጋና። እሱ ኳሱን ያስተምራል፤ ልጆቹን ሰው የማድረጉ ሥራ በአብዛኛው በእሷ እጅ ነው። ይህን የሚያክል ሥራ በደብዳቤ ላይ “ምክትል” ተብሎ ነው የሚጻፈው።

የሊሳ ቦየር ታሪክ ደግሞ ለእኛ ሰው ይበልጥ ይከብዳል። ቦየር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ዋና አሰልጣኝ ነበረች። ከተጫዋቾቿ አንዷ ዶውን ስቴይሊ ነች። ቦየር በ2001 እና 2002 የውድድር ዘመን ከክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ጋር ሠርታለች፤ በኤንቢኤ፣ ማለትም በወንዶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ አሰልጣኞች መካከል የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2002 ስቴይሊ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆና ሳለ የድሮ አሰልጣኟን ረዳት አድርጋ ቀጠረቻት። ቦየር እሺ አለች። ስቴይሊ በ2008 ወደ ሳውዝ ካሮላይና ስትሄድ ተከትላት ሄደች። በ2017፣ በ2022 እና በ2024 ዋንጫ ሲወስዱ አጠገቧ ነበረች። በ2024ቱ ዓመት 38 ጨዋታ ተጫውተው 38ቱንም አሸንፈዋል።

ትናንት “ሩጪ!” ብላ ስታዝዛት የነበረችው ልጅ ዛሬ አለቃዋ ናት። እስቲ እኛ ጋ አስቡት። “እኔ ያሳደግኳት ልጅ!” ተብሎ ሽማግሌ ይላካል።

የእነሱ ሰው ከእኛ የበለጠ ትሑት ሆኖ ነው? አይመስለኝም። ሌሎች ያነበብኳቸው ነገሮች ናቸው ሐሳቤን የቀየሩት።

ፓት ሰሚት በ1974 የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲን ሴቶች ማሰልጠን ስትጀምር 22 ዓመቷ ነበር። ደመወዟ በወር 250 ዶላር። የቡድኑን ማሊያ የምታጥበው ራሷ ነበረች። ወደ ውጭ ጨዋታ ሲሄዱ ቫኑን የምትነዳውም እሷ። ምክትል፣ ወጌሻ፣ ቪዲዮ የሚቆርጥ የሚባል ነገር የለም። ይህቺው ሴት በኋላ 1,098 ጨዋታ አሸንፋ፣ ስምንት ዋንጫ ወስዳ፣ በ2012 በአልዛይመር ምክንያት ወንበሯን ለቀቀች። በ2016 አረፈች። እሷ ስትለቅ የቴኔሲ ቡድን ዙሪያ እንደ አንድ ቢሮ የተሟላ ሠራተኛ ነበር።

ይህን ለውጥ ቀስ በቀስ ያመጣው ሕግ ነው። በ1972 ኒክሰን የፈረሙት፣ ታይትል ናይን የሚባለው። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ማንንም በጾታው ምክንያት ማግለል አይችልም ይላል። ስለ ቅርጫት ኳስ አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ግን ለወንዶቹ ቡድን ወጌሻ ቀጥረህ ለሴቶቹ አልቀጥርም ማለት አስቸጋሪ ሆነ። ክርክር መጣ፣ ፍርድ ቤት መጣ፣ ቀስ ብሎ በጀት መጣ። ዛሬ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የረዳት አሰልጣኝ ደመወዝ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። የስቴይሊ የ2025 ውል በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር ነው። እንግዲህ በዚህ ገንዘብ ምክትል ሆኖ አርባ ዓመት መቆየት ያን ያህል መስዋዕትነት አይመስለኝም። ሁለተኛውን ወንበር ያስከበረው መጀመሪያ ደመወዙ ነው፤ ፍቅሩ በዚያ ላይ የመጣ ነው።

አንድ ቀን የጓደኛዬን እናት ይዤ ኮሌጅ ፓርክ ሄድኩ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለሰፈራችን ቅርብ ነው። አሰልጣኟ ብሬንዳ ፍሪስ ከ2002 ጀምሮ እዚያ ናት፤ በ2006 ዱክን በጭማሪ ሰዓት ረትታ ዋንጫ ወስዳለች። እማማ ኳሱን ከምንም አልቆጠሩትም። የሚያዩት ሰውን ነው።

“ያ በረዶ ይዞ የሚሮጠው ማነው?”

“ወጌሻቸው ነው፣ እማማ።”

“ተምሮ ነው?”

“አዎ፣ አሁን ለዚህ ሥራ ማስተርስ ይጠየቃል።”

“ማስተርስ ይዞ በረዶ!” ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ግን ዋናውን ጥያቄ ጠየቁኝ። “እሺ፣ እንዲህ ሲዘሉ እየዋሉ ትምህርቱንስ ማን ያይላቸዋል?”

እሱንም የሚያይ ሠራተኛ አለ አልኳቸው። ክፍል ገብታለች ወይ፣ ፈተናዋ ከጉዞ ጋር ተጋጭቷል ወይ፣ አስጠኚ ትፈልጋለች ወይ እያለ የሚከታተል፣ ለዚሁ ተብሎ የተቀጠረ። እማማ ዝም አሉ። ለአራት ልጆች ይህን ሁሉ ብቻቸውን ሠርተዋል፣ ያውም ሁለት ፈረቃ እየሠሩ። “ታዲያ እናት ምን ቀራት?” አሉኝ በመጨረሻ። መልስ አልነበረኝም።

የማይታዩም አሉ። ብዙ የሴቶች ቡድን ልምምድ ላይ ወንድ ተማሪዎችን ያሰልፋል። ጥቅሙ ቀላል ነው። ቁመታቸውና ፍጥነታቸው ከሚመጣው ተጋጣሚ የባሰ ስለሆነ ሴቶቹን ያጠነክራል። ልጆቹ የቀጣዩን ተጋጣሚ አጨዋወት አጥንተው ያስመስላሉ። ስማቸው የትም አይጻፍም። በአብዛኛው ደመወዝ የላቸውም፤ ጫማና ቱታ ካገኙ ጥሩ ነው። ጉልበት የሚያጠነክሩትም አሉ። የሴት ተጫዋች ጉልበት ጅማት ከወንድ ይልቅ ይበጠሳል። የኮኔቲከቷ ፔጅ በከርስ በ2022 ተበጥሶባት ሙሉ ዓመት አልተጫወተችም። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ያደገችው አዚ ፈድም በ2023 ተበጠሰባት። በ2025 ፍጻሜ ሁለቱም ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ፈድ 24 ነጥብ አስቆጥራ የውድድሩ ኮከብ ተባለች። በዚያ መሀል ያለውን የስንት ወር ልፋት፣ ክብደት ማንሳቱን፣ አንድ እግር ላይ መቆሙን፣ ለቅሶውን ያየችው እንደ አንድሪያ ሃዲ ያለች የአካል ብቃት አሰልጣኝ ናት።

ሁሉ ነገር አማረ ማለቴ አይደለም። በ2021 ሳን አንቶኒዮ ላይ በዚያው ትልቅ ውድድር ለሴቶቹ ሁሉ የተዘጋጀላቸው የስፖርት መሣሪያ አንድ መደርደሪያ ትንንሽ ክብደት ነበር። ወንዶቹ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ሙሉ አዳራሽ ነበራቸው። ነገሩ የታወቀው አንዲት ተጫዋች በስልኳ ቀርጻ ስላወጣችው ነው። ሕጉ ከወጣ 49 ዓመት ሊሞላው ነበር!

ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። በ1972 በሁሉም የስፖርት ዓይነት ካሉት የኮሌጅ የሴቶች ቡድኖች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የሚያሰለጥኑት ሴቶች ነበሩ። ደመወዝ ስላልነበረው ወንድ አይፈልገውም ነበር። ገንዘብ ሲገባበት ወንዶቹ ተከትለው ገቡ። ዛሬ የሴቶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ነው። ለሴት ልጆች ተብሎ የወጣ ሕግ ተጫዋቾቹን ጠቀመ፣ የአሰልጣኞቹን ወንበር ግን ለሁሉም ከፈተው። ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር ደግሞ ረዳቶቹ አብረው ዕቃቸውን ይሸክፋሉ፤ በዚህ በዚህ ከእኛ አይለዩም።

አገር ቤት ስንመጣ ሰው ጎድሎብን አያውቅም። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪያችን አሰልጣኝም፣ ዳኛም፣ ወጌሻም፣ ኳስ ሰፊም ነበሩ። ቅርጫቱ መረብ አልነበረውም። ሴቶቹ የሚጫወቱት ወንዶቹ ሲጨርሱ ነው፤ ወንዶቹ የሚጨርሱት ደግሞ ሲመሽ ነው። ሰሚትን በ1974 ማሊያ ስታጥብ ሳነብ የታዩኝ እሳቸው ናቸው። ልዩነቱ፣ እሳቸው በዚያው ቀሩ።

በሩጫው ዋና አሰልጣኙን ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን የማያውቅ የለም። በ2016 ሲያርፉ አገር አለቀሰ። አጠገባቸው የነበሩትን እነ ቶሎሳ ቆቱን፣ እነ ዶክተር ይልማ በርታን ግን ስንቱ ይዘረዝራል? በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት አስተማሪ አሉ። ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ በእጃቸው አልፈዋል። ሥራቸው ልጅ አይቶ፣ አስሩጦ፣ ለአዲስ አበባ ክለቦች ማስረከብ ነው። ሜዳልያው ሲመጣ እሳቸው በቆጂ ናቸው። የእኛ ክሪስ ዴይሊ እሳቸው ናቸው፣ ያለ ደመወዙና ያለ ድግሱ። መሠረት ማኒም ሌላዋ ናት። የወንዶች ፕሪሚየር ሊግ ቡድን የሆነውን ድሬዳዋ ከተማን አሰልጥናለች። አሜሪካኖቹ እንኳን በዚህ አይቀድሙንም፤ በኤንቢኤ እስከ ዛሬ ሴት ዋና አሰልጣኝ ሆና አታውቅም። ከእሷ ቀጥሎ ግን መንገዱ ላይ ማን አለ? አንድ ሰው ይወጣል፣ እናጨበጭባለን፣ ከሥሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ወንበር አናስቀምጥም።

ይህን የአገር ቤት ችግር ነው ብዬ እንዳልተወው፣ እዚህም ተከትሎን መጥቷል። አንድ የማውቃቸው ጋሼ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ የተማሪ ማናጀር ሆነች። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች። ኳስ ታቀብላለች፣ ሰዓት ትይዛለች፣ የተወረወረውንና የገባውን ትቆጥራለች፣ ልምምዱን ትቀርጻለች። ከቡድኑ ጋር በአውሮፕላን ትሄዳለች። ከዚህ ተነስተው አሰልጣኝ የሆኑ፣ የቪዲዮ ክፍል ኃላፊ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ልጅቷም የምትፈልገው እሱን ነው። ጋሼ ግን ተጨንቀዋል።

“አንቺ፣ ይሄ ማናጀር የሚሉት ሥራ አስኪያጅ ነው አይደል?” አሉኝ።

“አይ ጋሼ፣ ውሃና ፎጣም ታቀብላለች” አልኩ።

“እሱን ለእኔና ለአንቺ እንያዘው” አሉ። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለአንድ ወዳጃቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ልጅቷ አሁን ለዩኒቨርሲቲው ትጫወታለች። ያውም አጥቂ ናት።