ሰሊጥ ገዢ ናሙናውን ሳይሆን ኮንቴነሩን ይግዛ

ከኢትዮጵያ ሰሊጥ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አንድ የታወቀ ሮሮ አላቸው፤ «የተላከልኝ ናሙና ሌላ፣ የመጣው ዕቃ ሌላ»። ሮሮው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ከሮሮው ተነስቶ «የኢትዮጵያ ላኪ አይታመንም» ብሎ መደምደም ግን ስንፍና ነው። ይህን የምለው ላኪው ሁሉ ጻድቅ ስለሆነ አይደለም። ውሉ ሲገለጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዋጋ፣ መጠን፣ «አንደኛ ደረጃ የሁመራ ሰሊጥ» የሚል ሐረግና ሁለት ፊርማ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ውል ላኪው ምን ቢጭን ነው ውል አፈረሰ የሚባለው?

«የሁመራ» የሚለው ቃል ራሱ ገዢው የሚያስበውን ያህል አያስርም። በንግዱ ውስጥ ነጭ ሁመራ/ጎንደር የሚባለው ከሁመራ፣ ከመተማ፣ ከቋራና ከአካባቢው የሚመጣው ነው። ፍሬው ጎላ ያለ፣ ቀለሙ ወጥ፣ ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ ለዳቦና ለጣሂና (ከተፈጨ ሰሊጥ ለሚሠራ ቅቤ መሰል ምግብ) ይፈለጋል። በእስራኤል ገበያ የሁመራን ስም በማሸጊያቸው ላይ ጽፈው የሚሸጡ የጣሂና አምራቾች አሉ። የወለጋው ጠቆር ይላል፤ የዘይት ይዘቱ ስለሚበልጥ ለጭመቃ ይመረጣል። በሁለቱ መካከል የዋጋ ልዩነት እስካለ ድረስ የሚቀላቅል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሰሊጥን የሚያገበያየው በደረጃና በአካባቢ ምድብ እንጂ በገበሬው ማሳ አይደለም። ስለዚህ ከምርት ገበያው የተገዛ ሰሊጥ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ ላኪው ራሱ አያውቅም። የአንድን አካባቢ ምርት ብቻ የሚፈልግ ገዢ ከእርሻው ጋር በቀጥታ ትስስር የሚሠራ ላኪ መፈለግና ይህንኑ በውሉ ማስፈር አለበት። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቢልም ሊያስገርመው አይገባም።

ጥራቱ የሚበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገና ከማሳው ነው። ሰሊጥ የታችኛው ፍሬ መያዣ ቢጫ ማለት ሲጀምር፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ አንስቶ፣ በእጅ ይታጨዳል። ጥቂት ቀን ከዘገየ መያዣው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሞ ይደርቃል፤ በሁመራና በመተማ በኩል ይህን ክምር ሂላ ይሉታል። ችግሩ የሚመጣው ሂላው ላይ ነው። ትኋን የሚመስል ተባይ ፍሬውን እየወጋ ዘይቱን ይመጠዋል። የተመጠጠው ፍሬ ይጨመደዳል፣ ይመራል፣ የዘይቱን መበላሸት የሚያሳየው ነጻ የስብ አሲዱም ከፍ ይላል። ገበሬው ይህን ለመከላከል ማላታይን የመሰለ ኬሚካል ይነሰንሳል። ኬሚካሉን የት፣ ስንት ግራም፣ ከመውቃቱ ስንት ቀን ቀደም ብሎ እንደነሰነሰው ማስታወሻ የሚይዝ የለም። ከወራት በኋላ የኬሚካል ቅሪት ተገኘ ተብሎ ከወደብ የሚመለሰው ጭነት ታሪኩ እዚህ ይጀምራል። አቅራቢውን «ሂላው ስንት ቀን ቆመ? ምን ተነሰነሰበት?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ብርቅ ነው።

መውቃቱም እንደዚያው። ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ሲራገፍ ንጹሕ ፍሬ ይወጣል። ባዶ መሬት ላይ ከሆነ አፈር፣ የከብት እበት፣ የወፍ ኩስና የሰሊጥ ፍሬ የሚያክል ጠጠር አብሮ ይገባል። ጠጠሩን ወንፊት አይለየውም፤ መጠኑ እኩል ነው። የሚለየው በክብደት የሚለይ ማሽን ነው፤ ሁሉም ላኪ ግን ይህ ማሽን የለውም። ስለዚህ «ንጽሕና 99 በመቶ» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ቀሪዋ አንድ በመቶ ምንድን ናት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር በተለምዶ 19 ቶን ሰሊጥ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 380 ማዳበሪያ ይይዛል። ከዚህ አንድ በመቶው 190 ኪሎ ነው። 190 ኪሎ ገለባና 190 ኪሎ ጠጠር ለዳቦ ጋጋሪው አንድ አይደሉም።

ውሉ ቢያንስ እነዚህን በቁጥር መያዝ አለበት፤ የንጽሕና መጠን፣ ከባዕድ ነገሩ ውስጥ የጠጠርና የአፈር ጣሪያ፣ እርጥበት (ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 7 በመቶ ጣሪያ)፣ ነጻ የስብ አሲድ (ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ጣሪያ)፣ የዘይት ይዘት ወለል፣ ቀለም የተለየ ፍሬ ስንት በመቶ እንደሚፈቀድ። ከእነዚህ በጣም የምትናቀው እርጥበት ናት። በ6 በመቶ ተዋውሎ በ8 በመቶ የተረከበ ሰው በአንድ ኮንቴነር 380 ኪሎ ገደማ ውኃ በሰሊጥ ዋጋ ገዝቷል። ቶኑ ለስሌት ያህል 1,500 ዶላር ቢሆን 570 ዶላር ማለት ነው፤ ሻጋታውና ሽታው ሳይቆጠር።

ወደ ናሙናው እንመለስ። በፖስታ የሚላክ አንድ ኪሎ ናሙና በእጅ የተለቀመ መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ስለዚህ ጥቅሙ ማስተዋወቂያ ከመሆን አያልፍም። ዋጋ ያለው ናሙና ሲጫን የሚወሰደው ነው። አወሳሰዱም ይህን ይመስላል። ከ380 ማዳበሪያ ቢያንስ 20 ይመረጣሉ፤ መራጩ ገዢው የቀጠረው መርማሪ እንጂ የመጋዘኑ ሠራተኛ አይሁን። ከመደዳው ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከመሃልና ከታች እያስነሳ ይመርጣል። ረጅሙ የብረት መውጊያ ማዳበሪያው ውስጥ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ገብቶ ከእያንዳንዱ 200 ግራም ገደማ ይወጣል። በድምሩ አራት ኪሎ። ይህ ተደባልቆ አራት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ለገዢ፣ አንዱ ለሻጭ፣ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ታሽጎ ለክርክር ይቀመጣል። አራቱም በሁለቱ ወገኖች ፊት ይታሸጋሉ፣ ቁጥራቸውም በሰርተፍኬቱ ላይ ይጻፋል። በውሉ ላይም «ክርክር ቢነሳ የሚፈርደው አራተኛው ናሙና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል።

መርማሪው የት ነው የሚቆመው የሚለው ከሁሉም ይበልጣል። ሰሊጡ አዲስ አበባ ዙሪያ ወይም ሞጆ ላይ ኮንቴነር ውስጥ ገብቶ ታሽጎ ሊሄድ ይችላል፤ በማዳበሪያ በከባድ መኪና ጂቡቲ ደርሶ እዚያ ኮንቴነር ውስጥ ሊገባም ይችላል። በሁለተኛው መንገድ የሚሄድ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ የተሰጠው ሰርተፍኬት የሚመሰክረው አዲስ አበባ ላይ ስለነበረው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃው ይወርዳል፣ ይጫናል፣ በጂቡቲ ሙቀትና እርጥበት ይቆያል። ስለዚህ መርማሪው ኮንቴነሩ በሚሞላበት ቦታ ይቁም፤ ማዳበሪያ ይቁጠር፣ ይመዝን፣ በሩ ሲዘጋ የማኅተሙን ቁጥር ይመዝግብ። ይህ ቁጥር ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ድርጅቱ ከሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ጋር ካልተመሳሰለ ቀሪው ወረቀት ሁሉ ዋጋ የለውም። የመርማሪውን ክፍያ ገዢው ራሱ ይክፈል። «ሻጩ ይክፈል» ብሎ ጥቂት መቶ ዶላር ያተረፈ ሰው መርማሪውን ለሻጩ ቀጥሮለታል።

ስለ ማዳበሪያው ራሱ ጥቂት። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አግኝታ ወደዚያ የሚላከው ቡና ክፉኛ ቀነሰ፤ ኋላ ላይ በዋናነት የተጠረጠረው ቡናው የተሞላበት የጆንያ ከረጢት ነበር። ሰሊጥም ከዚህ አያመልጥም። «አዲስ፣ ያልተጠቀሙበት፣ ለምግብ የሚሆን» የሚል መስመር ውሉ ውስጥ ይግባ። የኮንቴነሩ ግድግዳ በክራፍት ወረቀት ይሸፈን፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይሰቀሉ። ከሞቃት ወደብ ተነስቶ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር በሚገባ ኮንቴነር ጣሪያው ላይ ላብ ይቋጠርና የላይኛው መደዳ ላይ ይንጠባጠባል።

ሳልሞኔላ፣ ማለትም የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ብዙዎች ሊሰሙት የማይወዱት ርዕስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ የኢትዮጵያን ሰሊጥ በሳልሞኔላ ምክንያት ጠበቅ ያለ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል አስገብቶታል። በምርመራው በ25 ግራም ናሙና ውስጥ ባክቴሪያው መገኘት የለበትም። እዚህ ላይ ገዢዎች ራሳቸውን ያታልላሉ። ባክቴሪያው በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ተከማችቶ ሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በደረቅ ፍሬ ላይም ወራት ይቆያል። ስለዚህ «ነጻ ነው» የሚል አንድ ወረቀት ጥሩ ምልክት እንጂ ዋስትና አይደለም። ሰሊጡን በጥሬው ዳቦ ላይ የሚነሰንስ ገዢ በእንፋሎት የታከመ ዕቃ ይግዛ ወይም ራሱ ያሳክም። ጣሂና የሚሠራም ቆላሁት ብሎ አይዘናጋ፤ የተቆላው ሰሊጥ ጥሬው ባለፈበት ማሽን ላይ ካለፈ እንደገና ይበከላል። ውሉም ጭነቱ በወደብ ውድቅ ቢሆን የመመለሻውን፣ የማከሚያውን ወይም የማስወገጃውን ወጪ ማን እንደሚሸከም ይናገር። አብዛኞቹ ውሎች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

አሁን ወደ ዋጋው። ለዓመታት የኢትዮጵያ ሰሊጥ ዋጋ ለውጭ ገዢ እንቆቅልሽ ነበር፤ ሀገር ውስጥ በውድ ተገዝቶ ውጭ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ምክንያቱ ዶላር ነው። ብዙ ላኪዎች ሰሊጡ ላይ ከስረው፣ ባገኙት ዶላር ብረት ወይም የመኪና መለዋወጫ አስመጥተው ያተርፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ከወጪ ንግድ ገቢ 70 በመቶው ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶው ለላኪው ባንክ፣ 20 በመቶው ለላኪው እንዲሆን ሲደረግ ይህ ስሌት ተናጋ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅና ላኪው ግማሹን እንዲይዝ ሲፈቀድለት ደግሞ ጨርሶ ተለወጠ። የድሮው ልማድ ግን በገዢው ጭንቅላት ውስጥ አልተለወጠም፤ ከገበያው በታች ዋጋ ሲሰጠው «ተሳካልኝ» ይላል።

ይልቅ ይደምር። የዕለቱን የኩንታል ዋጋ በአሥር አባዝቶ የቶኑን ያግኝ፣ በባንክ ምንዛሪ ይቀይር። የማበጠሪያ ብክነት ይጨምር፤ ንጽሕናው 96 በመቶ የሆነ 100 ኩንታል ወደ 99 በመቶ ሲበጠር ከ97 ኩንታል አይበልጥም፣ ጤነኛ ፍሬም አብሮ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ማዳበሪያ፣ የጭነት ኪራይ እስከ ጂቡቲ፣ የመጋዘን፣ የባንክና የብድር ወለድ ይጨምር። የቀረበለት ዋጋ ከዚህ ድምር በታች ከሆነ ልዩነቱን የሚከፍል ሰው መኖር አለበት። ወይ የሰሊጡ ጥራት ይወርዳል፣ ወይ ላኪው የሀገር ውስጥ ዋጋ ሲወጣ ውሉን ይተወዋል። «ካዱኝ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው በዚህ ድምር አስቀድሞ ይታይ ነበር።

ክፍያ ላይ፣ ሙሉ ቅድሚያ ክፍያ ለማያውቁት ላኪ መላክ ንግድ አይደለም። በሰነድ ላይ የሚከፈልበት ሲኤዲ በሰሊጥ ንግድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ገዢው ከፍሎ ሰነዱን ሲወስድ ዕቃውን ገና አላየም። ኤልሲም (በባንክ በኩል የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ቢሆን ባንኩ የሚያየው ወረቀት እንጂ ሰሊጥ አይደለም፤ ስለዚህ ገዢው በመረጠው መርማሪ የተሰጠ የጭነት ሰርተፍኬት ለክፍያ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ካልሆነ ኤልሲው ገዢውን አያድነውም። ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ግን ክፍያ ያስቆማሉ። የላኪው ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ በአንድ የላቲን አጻጻፍ፣ በኢንቮይሱ ላይ በሌላ ሲሆን ባንኩ ሰነዱን ይመልሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017 ተብሎ የተፈረመ ውል ውጭ ሀገር ሲደርስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለፈበት ይመስላል፤ ሁለቱም ቀን ይጻፍ።

ክርክር ቢነሳስ? ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ውሳኔዎች የሚፈጸሙበትን የኒውዮርክ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላለች፤ በወረቀት ትልቅ ነገር ነው። ለአንድ ኮንቴነር ግን የጠበቃው ሂሳብ ከሰሊጡ ይበልጣል። የሚሻለው በውሉ ላይ አስቀድሞ የቅናሽ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው፤ ንጽሕናው ከተስማሙበት በታች ሲወርድ ለእያንዳንዱ ግማሽ በመቶ ስንት ዶላር እንደሚቀነስ፣ ከየትኛው ነጥብ በታች ጭነቱ ውድቅ እንደሚሆን።

ዕቃው ሲደርስ ማኅተሙ ሳይቆረጥ ቁጥሩ እንዲታይ ፎቶ ይነሳ። ሰሊጡ ተባይ በሚገድለው መርዛማ የፎስፊን ጋዝ ታጥኖ ከሆነ በሩ ተከፍቶ በደንብ ሳይናፈስ ማንም ውስጥ አይግባ። ከዚያ ከበሩ፣ ከመሃሉና ከጀርባው መደዳ ናሙና ይወሰድ፤ ይህ የሚደረገው ማዳበሪያዎቹ ወደ መጋዘን ገብተው ከሌላ ጭነት ጋር ከመደባለቃቸው በፊት ነው። ቅሬታውም በውሉ ላይ በተጻፉት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይላክ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ በስልክ የሚነገር ቅሬታን ላኪው ለመስማት ግዴታ የለበትም።