ማን ነገረህ?

እዚህ አሜሪካ ዕድሜያቸው የገፉ ሰዎች ስለ ዜና ወሬ ከተነሳ ዋልተር ክሮንካይትን ሳይጠሩ አያልፉም፣ በፈረንጆቹ ከ1962 እስከ 1981 የሲቢኤስ ቴሌቪዥንን የማታ ዜና ያቀረበ ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲ እንኳ አልጨረሰም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን የዩናይትድ ፕሬስ ዘጋቢ ሆኖ ጦር ሜዳውን አይቶታል።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉ ቀን ያቀረበውን ዩቱብ ላይ እዩት። ሞተዋል የሚል ወሬ ከዳላስ ቀድሞ ደርሶታል፣ እሱ ግን ገና አልተረጋገጠም እያለ ይቆያል፣ ከዛ ወረቀቱ ሲመጣ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ አወለቀውና ቀና ብሎ ሰዓት አየ፣ መልሶ አደረገው፣ ሳግ ያዘው፣ ዋጥ አድርጎ ቀጠለ። በ1968 ደግሞ ቬትናም ሄዶ ሲመለስ ጦርነቱ ማንም የማያሸንፍበት ሆኗል ብሎ ተናገረ፣ ግን ይሄ የራሴ አስተያየት ነው ብሎ ለይቶ ነው።

ያኔ አሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ሦስት ብቻ ስለነበሩ ነው ክሮንካይት የታመነው የሚሉ አሉ። እንደሱ ቢሆንማ እኛ አገር ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዘመን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ነበረን እኮ፣ ሰው ግን እውነቱን ፍለጋ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ወደ ጀርመን ድምፅ ያዞር ነበር።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ የመጣ ጊዜ እኛ እዚህ ስልካችን ላይ ተተክለን አንዱ ቻናል ተያዘ ሲል ሌላው ተለቀቀ ሲል እያደርን፣ መንዝ፣ መሀል ሜዳ ከተማ ላለው አጎቴ ደወልኩና ጋሼ ደብረ ሲና እንዴት ሆነ አልኩት። «ከጣርማ በር የመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ እሱ ያየውን ልንገርህ፣ ከዛ ወዲያ ያለውን እንጃ ልጄ» አለኝ። እኛ አገር ወሬ ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ነገረህ፣ አይተሃል ወይ ብለው ነው፣ ያላየውን አየሁ ካለ ሁለተኛ የሚሰማው የለም። ዶላር እየላክን የምንደግፋቸውን ቻናሎች ግን ይሄን የሚጠይቃቸው ጠፋ፣ በ2015 ነሐሴ የአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋበትማ ጭራሽ ባሰ፣ እዛ ያለው ሰው ውሸት ነው ብሎ እንኳ መመለስ አልቻለም። ቢያንስ ቤተሰብ እዛ ያለን ሰዎች ገንዘብ ከመላካችን በፊት ይሄን ማን ነገራችሁ ብለን እንጠይቃቸው፣ መልስ ከሌላቸው አንላክ።